በየቀኑ ይሰጣቸው

ጥቅምት 6

ይህን ደብተር የገዛሁት የደንበኞቼን ልኬት ልጽፍበት ነበር። ግን የዛሬውን ለሰው ባወራው ጉራ ይመስልብኛል፤ ለራሴ ልጻፈው።

የወላጆች ስብሰባ ነበር። ዳይሬክተሩ የአሥረኛ ክፍል ውጤት እንዳሽቆለቆለ ተናግሮ «እስቲ ወላጆች ምን ትላላችሁ?» ሲል አዳራሹ ጭጭ አለ። እኔ መቼም ዝምታ አያስችለኝም። ብድግ አልኩና፣ «በሁሉም ትምህርት፣ በየቀኑ የቤት ሥራ ይሰጣቸው። እኛም ማታ ማታ አይተን እንፈርም። ስፌትስ ቢሆን እጅ የሚፍታታው በየቀኑ ሲሠሩት አይደል?» አልኩ። ጭብጨባው አዳራሹን ሞላው! ከፊቴ የተቀመጠው ፋርማሲስት ዞር ብሎ «የልቤን ነው የተናገርሽልኝ፣ እህቴ» አለኝ። ዳይሬክተሩ እዚያው ወሰነ፤ ከሰኞ ጀምሮ።

እኔ ከስምንተኛ ክፍል ነው ያቋረጥኩት። ይህን እዚያ አዳራሽ ውስጥ ማንም አያውቅም። ልጅ ሳለሁ የቤት ሥራዬን ቁጭ ብሎ የሚያይልኝ ሰው አልነበረም። ዛሬ የሚያይ ሰው ሆኜ ቆምኩ። ተመስገን ነው።

ልጄ ቀጮ በር ላይ ትጠብቀኝ ነበር። ቀጮ ያላት አባቷ ነው፤ አሁንም እንደ ክር ቀጥናለች። ወሬው ከእኔ ቀድሞ ደርሷታል። ግማሽ መንገድ ስንደርስ፣ «እማ፣ ማን ተናገሪ አለሽ?» አለችኝ። ሳቅሁባት። ሲገባት ታመሰግነኛለች።

ጥቅምት 9

በጥድፊያ። ሰባት ትምህርት፣ ሰባት የቤት ሥራ። እራት ከተበላ በኋላ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። ሁሉም ላይ ፈረምኩ። ፊርማዬ እንዴት እንዳማረ!

ሌላ የምሥራች፦ ሆስፒታሉ የነርሶቹን ጋውን ስፌት ለእኔና ለእትዬ ጥልፍ ሰጠን። እትዬ ጥልፍ ማለት ሱቁን የምጋራት ጠላፊ ናት፤ ሰፈሩ በሙሉ እንዲህ ስለሚላት ዋናው ስሟን እኔም ረስቼዋለሁ። ታኅሣሥ ሳይጋመስ ማስረከብ አለብን። ከደረስን የዓመቱ ሥራ የእኛ ነው፤ ካልደረስን ለሌላ ይሰጡታል።

ጥቅምት 15

ከላይኛው መደርደሪያ የጨርቅ ጣቃ ላወርድ በርጩማ ላይ ወጣሁ። በርጩማው ዞረ፣ እኔም ዞርኩ። የቀኝ ቁርጭምጭሚቴ ተሰበረ። የስፌት መኪናዬን ፔዳል የምረግጥበት እግር።

ግን ምን ያህል ሰው አለኝ! በማላውቀው ታክሲ ተሳፍሬ ባለታክሲው እስከ ሐኪሙ አልጋ ድረስ ተሸክሞ አደረሰኝ። ሐኪሙ ጀሶውን ሲያስር እንዳልጮህ ቀልድ ያወራኝ ነበር። እትዬ ጥልፍ ሱቅ ዘግታ አብራኝ ዋለች። ባሌ የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ ሩቅ መንገድ ላይ ሆኖ ደወለ። «የኔ እመቤት፣ እኔ ገደል ለገደል ስነዳ አንድ ቀን አልወደቅኩ፣ አንቺ ከበርጩማ ትወድቂያለሽ?» አለኝ። ሳቅኩ፣ ከዚያ አለቀስኩ።

ጥቅምት 19

አልጋዬ መስኮቱ ሥር ነው። እግሬ ትራስ ላይ፣ እኔ እንደ ጠቅላይ ገዥ።

የሚያስጨንቀኝ ጋውኑ ነው። እትዬ ጥልፍ የእጅ ጥልፍ እንጂ የመኪና ስፌት ብዙም አይሆንላትም። ዛሬ ልትጠይቀኝ መጥታ «አታስቢ፣ ይደርሳል» አለች፤ ስትናገር ግን ዓይኗ ግድግዳው ላይ ነበር። ቀጮ ከትምህርት ቤት በኋላ ላይብረሪ እንደምትቆይ ነገረችኝ፤ የቤት ሥራው በዝቷልና እዚያ ጨርሳ ትመጣለች። እንዴት ያለች ልጅ ሰጠኝ! ስትመጣ ቤቱን ጠርጋ፣ ራት አቅርባ፣ እኔን አጥባ፣ ከዚያ ደብተሮቹን ታስፈርመኛለች። ገጹ ሁሉ ሙሉ ነው። አንድም የጎደለ የለም።

ጥቅምት 26

እትዬ ጥልፍ ያለቀ ጋውን ልታሳየኝ ይዛ መጣች። ጆሮዬን እንጂ ዓይኔን እንዴት ልጠራጠር? ስፌቱ ቀጥ ያለ ነው። የኪሱ ማዕዘን እኔ እንደማጥፈው ታጥፏል፣ ወደ ውስጥ ሁለቴ። ይህን አስተጣጠፍ ያስተማርኩት ሰው ቢኖር ልጄን ብቻ ነው፤ እሷም የአሻንጉሊት ቀሚስ ስትሰፋ።

«እትዬ፣ መቼ ለመድሽው? ስንት ዓመት አብረን ስንሠራ ደብቀሽኝ ነበር ማለት ነው! እግዜር ይስጥልኝ፣ ዕድሜ ይስጥሽ» እያልኩ እጇን ሳምኩ። ፊቷ ቀላ። «ለኔ ባታመሰግኚኝ ይሻላል» ብላ ሻይዋን ሳትጨርስ ተነሣች። ትሑት ሴት ናት።

ኅዳር 2

መሰልቸት መጥፎ ነው። ዛሬ ቀጮ የሒሳብ ደብተሯን ስታቀርብልኝ «እስቲ ዛሬ አስተምሪኝ፤ ይቺ ኤክስ እንዴት ነው አራት የሆነችው?» አልኳት። ገጹን አየችው። ደግማ አየችው።

«ሆነች በቃ፣ እማ።»

«እንዴት ሆነች?»

«ፈርሚልኝ እንጂ! አንቺ ያልሽው መፈረም ነው፣ ማስረዳት መቼ አልሽ?»

ጮኻብኝ አታውቅም። ፈረምኩ። ልጅቷ ደክሟታል፣ እኔ ደግሞ እንደ ሕፃን ላጫውትሽ እላታለሁ። ጥፋቱ የኔ ነው። ከእንግዲህ አልጠይቃትም።

ኅዳር 5

በሹራቧ እጅጌ ላይ ሰማያዊ ጠመኔ። ትምህርት ቤቱ ባለቀለም ጠመኔ ጀመረ መሰለኝ። ጥሩ ነው፣ ለዓይን ይስባል።

ክብደት ቀንሳለች። ወይ እኔ ተኝቼ ስለማያት ይሆናል።

ኅዳር 8

ቀጮ ወጥ ቤት ሆና ከአባቷ ጋር በስልክ ስታወራ ሰማሁ። «አባ፣ እሷ እንዳትሰማ… አይ፣ ደክሞኝ ነው እንጂ ደህና ነኝ… ኪሶቹ ናቸው የቀሩት፣ ኪስና ቁልፍ።»

ስለ ምን ኪስ እንደምታወራ አልጠየቅኳትም። በሩ ወለል ብሎ የተከፈተ ነበር፤ ብጠራት ትሰማኝ ነበር። ዞር ብዬ መስኮቱን ማየት ጀመርኩ። ውጭ ጎረቤቶቻችን ብርድ ልብስ ያራግፋሉ። ደግ ጎረቤት ነው ያለኝ። ቅዳሜ ሾርባ አመጡልኝ፣ ትናንት ክራንች አዋሱኝ። ምን ጎደለኝ? ምንም።

ኅዳር 14

ረጅም ቀን ነበር። ሁሉንም ልጽፈው።

ከቀትር በኋላ በር ተንኳኳ። በክራንች ተንደፋድፌ ስከፍት የሒሳብ አስተማሪዋ ናት። ልጅ እግር ናት፤ ከልጄ በዕድሜ ብዙም አትርቅም። ክንዷ ሥር የፈተና ወረቀት ይዛለች።

«እርስዎ እንዲህ መሆንዎን አልሰማሁም» አለች እግሬን አይታ። «ልጅዎ ምንም አልነገረችንም።»

«ይግቡ ቲቸር። ልጄ ላይብረሪ ናት፣ አሁን ትመጣለች።»

ሴትየዋ ከንፈሯን ነከሰች። «ላይብረሪያችን ከዓመቱ መጀመሪያ ጀምሮ ዝግ ነው። ጣራው እየታደሰ ነው።»

ተቀመጥኩ። እሷም ተቀመጠች። የአጋማሹን ፈተና አወጣች። ልጄ በሕይወቷ እንዲህ ያለ ውጤት አምጥታ አታውቅም። ከሃያ አምስት ያገኘችውን ቁጥር ምኑን ልጻፈው፣ እጄ እንቢ አለኝ።

«የቤት ሥራዋ ግን ሙሉ ነው!» አልኩ። «እኔ ራሴ በየቀኑ ፈርሜያለሁ!»

«አውቃለሁ። እኔም ፊርማዎን እያየሁ ነው ያለፍኩት።» አንገቷን ደፋች። «እውነቱን ልንገርዎት። ስድስት ክፍል አስተምራለሁ። የሁሉም ደብተር በየቀኑ ይቆለልልኛል። ማንበብ ትቼ ራይት ማድረግ ጀመርኩ። ፈተናውን ሳርም ነው የደነገጥኩት። የቤት ሥራ ደብተራቸውን መልሼ ብገልጥ የክፍሉ ግማሽ አንድ ዓይነት ስህተት ሠርቷል፤ አንድ ቦታ ላይ፣ አንድ ዓይነት የመደመር ምልክት ተረስቶ። አንዱ ይሠራል፣ ሌላው ይገለብጣል።»

«ታዲያ የቤት ሥራ አይጠቅምም እያሉኝ ነው?»

«ይጠቅማል። እኔን ሰው ያደረገኝ እሱ ነው። ግን እኔ በቀን ሁለት ሦስት ጥያቄ ነበር የሚሰጠኝ፣ በነጋታው አስተማሪዬ ሰሌዳው ፊት ያቆመኝ ነበር። ሲሳሳቱ የሚያያቸው ከሌለ፣ መቶ ጥያቄ ቢሰጥ እጅ ማድከም ነው። ሰባቱም ትምህርት በአንድ ምሽት ሲሆን ደግሞ…» ዓይኗ በቤቱ ዞረ፤ የታጠፈውን ልብስ፣ የታጠበውን ሳህን፣ ጀሶዬን አየች። «እቤት ሌላ ሥራ ያለባት ልጅ መቼ ትሥራው?»

ይህን ሐሳብ ያመጣሁት እኔ መሆኔን ለሷ ብናገር እወድ ነበር። አልወጣልኝም። «አመሰግናለሁ ቲቸር፣ እስከዚህ ድረስ ስለመጡልኝ» ብቻ አልኩ። ከልቤ ነው። ስንቷ አስተማሪ ናት ራሷ ጭምር እንዳጠፋች የምትናገር?

ስትወጣ ለእትዬ ጥልፍ ደወልኩ። ሃሎ እንዳለችኝ «ልጄ አንቺ ጋ ናት?» አልኳት። ከጀርባዋ የመኪናዬ ድምፅ ይሰማል። የራሴን መኪና ድምፅ አጣለሁ? መርገጫው ሲወርድ ሲጥ ትላለች።

«አስምላኝ ነው» አለች እትዬ ጥልፍ።

ኅዳር 15

ትናንት ቀጮ ስትገባ አልጋው ላይ አጠገቤ እንድትቀመጥ ጠየቅኳት። አስተማሪዋ እንደመጣች ስነግራት ቦርሳዋን እንኳ አላወረደችም።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ምን ብዬ? ጋውኑ ካልደረሰ ለሌላ ይሰጡታል ስትይ ሰምቼሻለሁ። እትዬ ደግሞ መኪናው ላይ ስትቀመጥ ታለቅሳለች፣ ክሩን ትበጥሰዋለች።»

«የቤት ሥራውስ?»

«ጠዋት በሩ ሳይከፈት አጥሩ ሥር ተቀምጠን እንገለብጣለን። ሁላችንም፣ እማ። ጎበዞቹም ጭምር፤ እነሱ ሒሳቡን ይሰጡናል፣ እኛ የታሪኩን እንሰጣቸዋለን። ኤክስ ስንት እንደሆነች እንጂ ለምን እንደሆነች የሚጠይቅ የለም። አንቺ ብቻ ነሽ የጠየቅሽኝ። እኔም ጮኽኩብሽ።»

ከዚያ አለቀሰች፤ እኔም። ጣቶቿን አየኋቸው፣ በመርፌ ተወጋግተዋል። ይሄን ሁሉ ሳምንት ሳህን ስታቀብለኝ እነዚህን ጣቶች አይቻለሁ። ጠመኔውንም አይቻለሁ። የልብስ ሰፊ ጠመኔ ምን እንደሚመስል እኔ ሳላውቅ ማን ሊያውቅ ነው!

«አንቺስ ልጅ ሳለሽ የቤት ሥራሽን ማን ነበር የሚያይልሽ?» አለችኝ አፍንጫዋን እየጠረገች።

«ማንም። ስምንተኛ ላይ አቋረጥኩ።» አስራ ስድስት ዓመት ሙሉ ያልነገርኳት ነገር ነው። እንደ ዋዛ ወጣ።

«ለዛ ነው የተናገርሽው?»

«ለዛ ነው።»

ትከሻዬ ላይ ተኛች። ለምን ይሆን፣ ከወደቅኩ ጀምሮ እንደ ትናንት ቀሎኝ አያውቅም።

ኅዳር 18

ባሌ መጣ። ጭነቱን ለጓደኛው ሰጥቶ። ቀጮ ወደ ሱቅ መሄዷ ቀረ። የስፌት መኪናዬን እሱና እትዬ በጋሪ ጭነው ቤት አምጥተው የፔዳሉን ቦታ ወደ ግራ አዞሩልኝ፤ በግራ እግሬ መርገጥ እየተማርኩ ነው። እንደ ሰካራም ነው የምሰፋው፣ ግን ይሰፋል።

ቁልፍ መትከሉን ባሌ ያዘ። መሪ የለመደ እጅ መርፌ ሲይዝ ማየት ነበር! አንዱን ቁልፍ ከጋውኑ ጋር ሳይሆን ከሱሪው ጋር ሰፋው። ሲነሣ ጋውኑ ተከተለው። እትዬ ጥልፍ ከሳቋ ብዛት ተንበረከከች። ቀጮ ከጎኑ ተቀምጣ ሒሳብ እየሠራች ነበር፤ እሷም ሳቀች። ያ የሳቅ ድምፅ ከእሷ ከወጣ ስንት ጊዜው ነው!

ሸክሙን ሁሉ ስለጣልኩባት እትዬን ይቅርታ ጠየቅኳት። «ምስጋናሽን ስትሰጪኝ እሳት ነበር የበላኝ» አለች። አሁን ምስጋናዬን በሙሉ ልብ ትወስዳለች። መሐላ ጠብቃ ልጄን በየቀኑ ቤት ድረስ የምትሸኛት እሷ ነበረች።

ኅዳር 24

ሁለተኛው ስብሰባ። ባሌ «ልሂድልሽ» ቢለኝ እንቢ አልኩ። አፌ የከፈተውን አፌ ይዝጋው።

በክራንች ገብቼ ፊት ተቀመጥኩ። ዳይሬክተሩ ስለ አጋማሹ ውጤት ሲያወራ ድምፁ ዝቅ ያለ ነበር። እጄን አወጣሁ።

«የቤት ሥራው ይቀነስ» አልኩ።

ፋርማሲስቱ ከወንበሩ ዘለለ። «ባለፈው አንቺ አይደለሽ እንዴ ያልሽው?»

«እኔ ነኝ። ለዚያ ነው የመጣሁት።» አዳራሹ ሳቀ። ፊቴ ጋለ፤ ግን ከጀመርኩ ወዲያ የት ልሂድ? «ልጄ ሰባት ደብተር ስታቀርብልኝ አንዱንም ሳላነብ ፈረምኩ። ደስ አለኝ፣ ፈረምኩ። ገልብጣ ነበር። እስቲ ሳያነብ የፈረመ ሌላ ወላጅ ካለ እጁን ያውጣ።»

ማንም። እግሬ ከጀሶው ውስጥ ጠዘጠዘኝ። ምን አመጣኝ ስል፣ ፋርማሲስቱ እጁን እስከ ትከሻው ብቻ ከፍ አደረገ። «እኔ… ሌሊት ተረኛ ነኝ፣ ጠዋት በር ላይ ቆሜ ነው የምፈርምላት» አለ። ከኋላ አንዲት እናት፣ ከዚያ ሌላ አባት። ከዚያ መቁጠሩን ተውኩት።

«ታዲያ ፈጽሞ ይቅር ነው የሚሉት?» አለኝ ዳይሬክተሩ ቆጣ ብሎ።

«አይቅር ጌታዬ። ያነሰ ይሰጥ፣ የተሰጠው ደግሞ ይታይ። የልጄ ስህተት የት ጋ እንደሆነ አንድ ሰው ይመልከትላት።»

የሒሳብ አስተማሪዋ ተነሥታ አገዘችኝ። በቀን ከሁለት ትምህርት በላይ እንዳይሰጥ፣ ጥያቄውም ጥቂት እንዲሆን፣ በነጋታው ክፍለ ጊዜው ሲጀመር ልጆቹ ሰሌዳ ላይ ሠርተው እንዲያሳዩ ጠየቀች። አንድ አባት «እንግዲህ ሊቦዝኑልን ነው» ብሎ እየተነጫነጨ ወጣ። ምናልባት የሱ ልጅ ጊዜም ቦታም አላት፣ በየቀኑ ሰባቱንም ትችል ይሆናል፤ እኔ አላውቅም። ዳይሬክተሩ እስከ መንፈቀ ዓመቱ ማብቂያ ይሞከር አለ። በሩ ላይ ፋርማሲስቱ ክራንቼን ያዘልኝ። ስለ እግሬ የሕመም ማስታገሻ ምክርም ጨመረልኝ፣ ሳልጠይቀው።

ታኅሣሥ 3

ጋውኖቹን አስረከብን!!! የመጨረሻውን እጅጌ በግራ እግሬ ሰፋሁት። ልትረከብ የመጣችው ነርስ አንዱን ለብሳ መስታወት ፊት ዞረች። «ኪሱ እንዴት ደስ ይላል» አለች። ቀጮን አየኋት፣ ቀጮ ጣራውን አየች።

የዓመቱም ሥራ የእኛ ሆነ።

ታኅሣሥ 11

ዛሬ ቀጮ ሦስት ጥያቄ ነበራት። ሁለቱን ሠርታ ሦስተኛው ላይ ተቸነከረች። አጥፍታ ጻፈች፣ አጥፍታ ጻፈች፣ እርሳሱን ወረወረች። «ደደብ ነኝ» አለች። አፌ ሊል የነበረውን ዋጥኩ። ምን ልላት ነው? ሒሳቡን አላውቀውም። ሻይ አፈላሁላት፣ በቃ።

«እንዳልቻልኩት ጽፌ እሄዳለሁ» አለች በመጨረሻ። «ቲቸር እዚህ ጋ ቆምኩ በሉኝ ብላናለች።»

ይህ ባዶ የቀረ ቦታ ከእነዚያ ሁሉ ሙሉ ገጾች ይልቅ ደስ አለኝ። ለማን ልናገረው? ለባሌ በስልክ ነገርኩት። «ልጅሽ ስላልቻለች ደስ አለሽ?» አለኝ። አዎ አልኩት።

ታኅሣሥ 12

ሰሌዳ ላይ ወጥታ ሞክራ፣ ከክፍሉ ጋር ጨርሳዋለች። የመደመር ምልክት ነው የረሳችው! እየዘለለች ገባች።

ታኅሣሥ 20

ጀሶው ተፈታ። እግሬ የሌላ ሰው እግር ይመስላል፣ ነጭና ቀጭን። ሐኪሙ ደግሞ ቀልድ ነገረኝ፤ ይሄኛው እንኳን አያስቅም፣ ግን ሳቅኩለት። ሰውየው ይገባዋል።

ጥር 14

የመንፈቀ ዓመቱ ውጤት ወጣ። ቀጮ ሒሳብን አለፈች። ከክፍሏ መካከል ላይ ናት፣ ከፊት አይደለችም። በታሪክ ግን ከሁሉም በልጣለች። አስተማሪዋ ስትነግረኝ፣ የክፍሉ ውጤት እንደተጠበቀው ባይዘልም ከአጋማሹ ተሻሽሏል፤ የሁለት ልጆች ግን አልተሻሻለም፣ ምክንያቱን እየፈለገች ነው። ይህን ስትነግረኝ ወደድኳት። ሁሉም ተስተካከለ ብትለኝ አላምናትም ነበር።

አመሰገንኳት። እሷ ደግሞ እኔን አመሰገነች። መንገድ መሐል ቆመን ስንመሰጋገን መኪና ጥሩምባ ነፋብን።

ጥር 15

ቅዳሜ፣ ከሰዓት በኋላ። ቀጮ የቤት ሥራዋን ጠዋት ጨርሳለች። ሳህን ላጥባ ስትል ከለከልኳት። ሶፋው ላይ ጋደም ብላ አንድ ነገር ልትነግረኝ ጀመረች፣ ስለ አንዲት ጓደኛዋ፤ ዓረፍተ ነገሩ ሳያልቅ እንቅልፍ ወሰዳት። አፏ ትንሽ ተከፍቷል። ፀሐይ ጉልበቷ ላይ አርፋለች። ልጄ በቀን ስትተኛ ካየኋት ምን ያህል ጊዜ ነው? ከትንሽነቷ ወዲህ እንጃ።

ራዲዮኑን ቀነስኩ። ወንበር ስቤ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ምንም አልሠራሁም። ስንት ሰው ነው ለዚህች እንቅልፍ የደከመው፣ አንድ በአንድ በልቤ አሰብኳቸው፣ ሁሉንም መረቅኩ።

በር ተንኳኳ። ቀሚሷን ልትለካ የመጣች ደንበኛ ናት። በሩን ገርበብ አድርጌ ጣቴን ከንፈሬ ላይ አደረግኩ።

«ይቅርታ እህቴ፣ ነገ ይምጡ» አልኳት በሹክሹክታ። «ልጄ ተኝታለች።»